የጎጃም እርጎ ውስጥ ምን አለ? ጥያቄውና እስካሁን የመጡት ምላሾች

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ሰሞኑን የፕሮፌሰር ኮሊን ሂልን ሥራ ሳነብ ሰነበትኩ። በአየርላንድ ኮርክ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ የኖሩ የማይክሮባዮሎጂ ሰው ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ያጠኑት፣ ምግብ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ተቀናቃኞቻቸውን ለመግደል የሚያመርቷቸውን ጥቃቅን ፕሮቲኖች ነው። ባክቴሪዮሲን ይባላሉ። ላክቲሲን 3147 የተባለውን ያገኙት ከከፊር ነው። ከፊር የረጋ ወተት ነው፤ ከእኛ እርጎ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከአየርላንድ ከፊር ይህ ከተገኘ፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ በየጓዳው የሚረጋው እርጎ ምን ይዞ ይሆን? ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለን። ቅሉም አለን። እኔ የማምነው፣ ቅሉ በጀሪካን ተተክቶ ሳያልቅ በፊት ውስጡ ያለው የባክቴሪያ ዘር ተሰብስቦ መጠናትና መቀመጥ አለበት ብዬ ነው። የምታውቁ አስተምሩን። የማትስማሙም ተናገሩ።

(ይህ የውይይት ክር ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች 31ዱን ምላሽ በራሴ አባባል ከታች አስፍሬዋለሁ። የተደጋገመውን አልፌዋለሁ።)

ምላሽ 1 ከደብረ ማርቆስ ነው። እህታችን ሰላምታዋን አስቀድማ፣ እናቷ ሉማሜ ሳሉ ያረጉት የነበረውን እርጎ አስታወሰች። ከሱቅ የምትገዛው ያንን ጣዕም አልሰጣት ብሏል። ስለ ባክቴሪያ ያለችው ነገር የለም። ክሩን በደግ ቃል ስለከፈተችልን ግን አመሰግናታለሁ።

ምላሽ 2 የክሩ አከርካሪ ነው። ጸሐፊው የምግብ ሳይንስ መምህር ናቸው። ነገሩ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ ብለው ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ወተት የሚያረጋ አንድ ባክቴሪያ ሌላውን እንዳያድግ ሲከለክል አዩ። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያየውም በዚያው ዓመት ነው። ወተት አርጊው ባክቴሪያ የሚያመርተው ባክቴሪዮሲን በ1947 እንግሊዝ ውስጥ ኒሲን የሚል ስም ወጣለት። በ1969 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ለምግብ ይሆናል አለው። ዛሬ ከ50 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የታሸገ አይብ ላይ ኢ 234 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እሱ ነው።

መምህሩ ጫን ብለው የጻፉት ቀጥሎ ያለውን ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ታይተው መንገዳቸው ተለያየ። ፔኒሲሊን ወደ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ኒሲን አይብ ፋብሪካ ቀረ። አሁን ባክቴሪያዎች መድኃኒቶቻችንን እየተላመዱ ሲያስቸግሩ፣ ሳይንቲስቶቹ ዞር ብለው ወደ አይቡ ማየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን መገመቱን ጠቅሰዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ ክሩን በመክፈቴ ደስ አለኝ።

ምላሽ 3 የአንድ ተማሪ ነው። ይህ ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚገድለው? ደግሞስ የሚያመርተውን ባክቴሪያ ራሱን ለምን አይገድለውም? ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ምላሽ 4 ላይ መምህሩ ተመለሱ። ኒሲን 34 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶች) የተቀጣጠሉበት አጭር ሰንሰለት ነው። ባክቴሪያ ግድግዳውን ሲሠራ፣ እንደ ግንበኛ ረዳት ጡብ የሚያቀብል ሊፒድ ሁለት የሚባል ሞለኪውል አለው። ኒሲን እሱን አንቆ ይይዘዋል። ግንባታው ይቆማል። በዚያ ላይ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይፈስና ባክቴሪያው ይሞታል። አምራቹ ደግሞ ራሱን ከዚህ የሚጠብቅበት ሌላ ፕሮቲን አብሮ ይሠራል። መምህሩ የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን አንድ ሥራ ጨመሩ። ከ34ቱ 21ኛውን አሚኖ አሲድ ብቻ ቀይረው፣ ኒሲን ቪ የተባለ ከቀድሞው የበረታ ኒሲን አገኙ። አንድ ቦታ ብቻ ነክተው! እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረር አለ።

ምላሽ 5 ከቢቸና የመጣ ነው። ወንድማችን ጨጓራውን ሲያመው ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብሎ መድኃኒት ታዞለት ነበር። እሱ ግን ክኒኑን ጥሎ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ እርጎ ጠጣ፤ ዳንኩም ይላል። እርጎ ውስጥ ገዳይ ፕሮቲን ካለ ክኒኑ ምን ያደርጋል ብሎ፣ ሁላችንንም ወደዚያ መከረን።

ምላሽ 6 የነርስ ነው። ቁጣዋን አልደበቀችም። መድኃኒት በግማሽ አቋርጠው፣ ሲደሙ ከርመው የሚመጡትን ሰዎች የምትቀበለው እሷ እንደሆነች ጻፈች። አንድ ሰው ተሻለኝ ስላለ ሌላው ክኒኑን ቢጥል ተጠያቂው ማን ነው አለች። ምክሩን እንዲያነሳም ጠየቀችው።

ምላሽ 7 ላይ የቢቸናው ሰው ተቆጣ። የፈረንጁ ሳይንስ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ የአያቶቻችን እርጎ ግን እጃችን ላይ ነው ባይ ነው። እስከዚህ ድረስ ግድ የለም፤ ነርሷን በትምህርቷ መዝለፉ ግን ተገቢ አልነበረም። እዚያው ጣልቃ ገብቼ ይህንኑ ነግሬዋለሁ።

ምላሽ 8 የመምህሩ ነው። ማንንም ሳይነኩ ነገሩን አስተካከሉት። ኤች ፓይሎሪ ከውጭ አንድ ተጨማሪ ሽፋን ካላቸው፣ ግራም ኔጋቲቭ ከሚባሉት ወገን ነው። ኒሲን ያንን ሽፋን አልፎ መግባት ይቸግረዋል። ደግሞም ኒሲን ፕሮቲን ነው፤ ሲበላ አንጀት እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። ስለዚህ የተዋጠ ኒሲን ሩቅ አይሄድም። ባክቴሪያው ራሱ አንጀት ውስጥ ኖሮ እዚያው ቢያመርትስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የኮርክ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ይህን የፈተነ ነው። ከሰው አንጀት የተገኘ ላክቶባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ የተሰጣቸው አይጦች፣ ሊስቴሪያ የተባለው በምግብ የሚተላለፍ ተህዋስ የሚያመጣውን በሽታ ተቋቋሙ። ባክቴሪዮሲን እንዳያመርት የተደረገው የዚያው ባክቴሪያ ወንድም የተሰጣቸው ግን አልተቋቋሙም። ማስረጃው ይህን ያህል የጠራ ነው። መምህሩ ግን ያየነው አይጥ ላይ ነው፤ ጎጃሜ ላይ አይደለም ብለው አሰሩበት።

እኔም ሐሳቤን ልበል። እርጎ ምግብ ነው፤ ጥሩ ምግብ። ሐኪም ያዘዘውን ግን አይተካም። በዚህ ከነርሷ ጎን ነኝ።

ምላሽ 9 በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሰው ነው የጻፈው። የራሳችን ሰዎች ከሠሩት ጀምሩ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ሊስቴሪያ ያለበት ወተት ሲረጋ ተህዋሱ ምን እንደሚሆን አጥንተዋል። ስለ አይብም ጽፈዋል። ቀጥሎ ጥያቄዬን አጠበበልኝ። እርጎ ውስጥ ጎጂ ተህዋስ ሲደክም ብዙውን ሥራ የሚሠራው አሲዱ ነው። ባክቴሪዮሲን አለ ለማለት መጀመሪያ አሲዱን ማርከስ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ከዚያም በኋላ ከገደለ፣ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ይጨመርበታል። መግደሉን ካቆመ ገዳዩ ፕሮቲን ነበር ማለት ነው። ይህን የሚሠራ የተማሪ መመረቂያ በየዓመቱ ሊወጣ ይችል እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል።

ከምላሽ 10 እስከ 12 ወደ ጾም ተሻገርን። አንድ ጾመኛ፣ በዐቢይ ጾም ስለ እርጎ ታወራላችሁ፤ ለእኛስ ምን አላችሁ ብሎ ጠየቀ። የጤፍ ሊጥ ሲቦካም እነዚሁ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉበት የሚል መልስ አገኘ። ሊጡስ ይጠና ማለት ነው፤ እስማማለሁ። ከዚያ የቢቸና ጤፍ ይበልጣል የአድአ የሚለው ሙግት ተጀመረ። እሱን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 13ን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ደምበጫ አካባቢ አንድ የፈረንጅ ላም ያላቸው ገበሬ ናቸው። ላሚቱ ጡቷ አብጦ መርፌ ተወጋች። እብጠቱ ጎደለ። በማግስቱ የታለበው ወተት ግን አልረጋም አለ። አንድ ሌሊት አደረ፣ ሁለተኛም አደረ፤ ያው ቀጭን ወተት ነው። በሦስተኛው ቀን ሳይረጋ ሸተተ። ባለቤታቸው ጥፋቱን በቅሉ ላይ አድርገው፣ አጥበው በወይራ እንደገና አጥነው ሞከሩ። አሁንም እምቢ። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። የወጋው ባለሙያ ስለ ወተቱ አንድ ቃል አልተናገራቸውም ነበር።

ምላሽ 14 የእንስሳት ሐኪም ነው። አያ፣ ቅሉም ደህና፣ ዓይንም የለበት ብሎ በአክብሮት ጀመረ። መድኃኒቱ ከደሟ ወደ ወተቷ ይገባል። ወተቱ ውስጥ ሆኖም የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ወተቱ አልረጋም ያለው ለዚህ ነው። ብልቃጡ ላይ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣና እንደማይሸጥ ተጽፏል፤ ያ ቀን እስኪያልፍ መደፋት አለበት። ለሰውም ጉዳቱ ብዙ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት መጠጣት ባክቴሪያዎቹን ማላመድ ነው። የመምህሩ 1.27 ሚሊዮን እና የደምበጫው ቅል እዚህ ላይ ተገናኙ።

ምላሽ 15 ላይ ገበሬው መልሰው ጠየቁ። ፋጉሎ በዚህ ዋጋ ገዝቼ የማበላትን ላም ወተት ስደፋ ማን ይከፍለኛል? ለዚህ የመለሰ ሰው የለም። ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ምላሽ 16 ሐኪሙ ተስፋ ሊሰጥ የጻፈው ነው። አየርላንድ ውስጥ ላክቲሲን 3147ን ከጡት ቀዳዳ መድፈኛ ጋር ቀላቅለው፣ ወተቷ በደረቀ ላም ላይ ሞክረው በሽታ አምጪዎቹን እንደቀነሰ አይተዋል። በኒሲን የተነከረ የጡት መጥረጊያም አሜሪካ ውስጥ ተሠርቷል። ኒሲን ድሮም በምግብ ውስጥ የተፈቀደ ስለሆነ ወተት የመድፋቱ ጣጣ ይቀላል የሚል ተስፋ አለበት።

ምላሽ 17 ከቤተ ሙከራው ሰው ነው፤ አጭርና ስለት ያለው። ኒሲን እርጎ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል፤ ወተቱ ውስጥ በብዛት ከገባ ወተቱ ያኔም አይረጋም፤ ሳታጣራ ለገበሬ ተስፋ አትስጥ አለው። ሐኪሙ አልተቀየመም። መጥረጊያው ከውጭ ቆዳ ላይ እንደሚቀርና መድፈኛውም ለማትታለብ ላም እንደሆነ አስረዳ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለምትታለብ ላም ከውስጥ የሚሰጥ ከሆነ ግን የቤተ ሙከራው ሰው ስጋት ይጸናል።

ምላሽ 18 የአንዲት እናት ነው፤ ሞጣ ነው ያሉት። ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። ቅሉን በግራዋ ቅጠል አሽተው ያጥባሉ። ፀሐይ ላይ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያደርቁታል። የወይራ ስንጣሪ ለኩሰው ጭሱን ወደ ውስጥ ይለቁና አፉን ይከድኑታል። ጭሱ ገብቶ ሲያበቃ አራግፈው ወተቱን ያፈሳሉ። የታጠነ ቅል ውስጥ ወተት ቶሎ አይኮመጥጥም፤ ይቆያል ይላሉ። ሲንጡም በመናጫው አንገት ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ስንደዶ ሰደው፣ ቅቤ ይዞ መውጣት አለመውጣቱን ያያሉ። ቅቤው ከወጣ አሬራው ይሞቅና አይብ ይሆናል፤ አጓቱም አይደፋም። በዚህ ክር ውስጥ እንደዚህ ምላሽ በእውቀት የተሞላ የለም ብል አላጋነንኩም።

ምላሽ 19 ከከተማ ልጅ መጣ። ጭስ ጥላሸት ነው፤ ፕላስቲክ ንጹሕ ነው፤ በቃ ዘመኑ ነው። ምላሽ 20 ወዲያው ተቃወመው። ጀሪካን ውስጡ ሲጫጫር ሽታና ቆሻሻ ይይዛል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም። ምላሽ 21 ላይ መምህሩ ለሁለቱም የማይመች እውነት ተናገሩ። ቅል ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ነው። የትናንቱ ወተት ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይተርፋል፤ አዲሱን ወተት ሌላ ነገር ሳይጨመርበት የሚያረጋው እሱ ነው። ነገር ግን በደንብ ካልተያዘ መጥፎውም በዚያው መንገድ ይተርፋል። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው የሴቲቱ እጅ ነው፤ ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ ማጠኑ። ምላሽ 22 ስድብ ነበር፤ ይነሳ ብዬ ተነስቷል።

ምላሽ 23 ላይ ነርሷ ስለ ጥሬ ወተት ጻፈች። ብሩሴላና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። መርጋቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ባክቴሪዮሲኑም አለሁ አይላችሁም፤ ብሩሴላ እንደ ኤች ፓይሎሪ ሁሉ ግራም ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ አፍሉት። ምላሽ 24 አንድ አባት ነበሩ፤ የተፈላ ወተት የት ይረጋል፣ ረግቶስ የት ይጣፍጣል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማፍላት የሚያረጉትንም ይጨርሳቸዋል። ምላሽ 25 ላይ የሞጣዋ እናት መፍትሔውን ሰጡ። አፍልቶ፣ እጅ እስኪችለው አቀዝቅዞ፣ ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጠብ ማድረግ። ለልጅ ልጆቻቸው የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ነርሷ አመሰገነቻቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ የትናንቱ ማንኪያም ከተፈላ ወተት የረጋ መሆን አለበት።

ምላሽ 26 የኔን ሐሳብ ፊት ለፊት የነካ ነው። ዘሩ ይሰብሰብ ትላለህ፤ ተሰብስቦ የማን ይሆናል? የጤፉን ረስተኸዋል? ሲል ጠየቀ። አልረሳሁትም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ሆላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም እስኪል ድረስ ስንት ዓመት አለፈ! እርጎውም ተራው እንዳይደርሰው መስጋት ተገቢ ነው።

ምላሽ 27 የሕግ ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን እውቀትና የጄኔቲክ ሀብት መብት ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም አለ። ምላሽ 28 ወረቀት ላይ ያለ ሕግ ጤፉን አላዳነውም ብሎ ተሳለቀ። ምላሽ 29 የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚያስቀምጠው የእህል ዘር ብቻ እንዳልሆነና ደቂቅ ህዋሳትንም እንደሚይዝ አስታወሰ። እኔ ከዚህኛው ጋር ነኝ። እዚህ ያልመዘገብነውን ነገር የኛ ነው ብለን የትም ቆመን መከራከር አንችልም። ስጋቱ ለመሰብሰብ ምክንያት ይሁነን እንጂ ላለመሰብሰብ አይሁነን።

ምላሽ 30 እንደገና የሞጣዋ እናት ናቸው። ከቅላቸው ሊሰጡ ፈቃደኛ ናቸው። ቅድመ ሁኔታ ግን አላቸው፤ የቀበሌያቸው ስም ናሙናው ላይ ይጻፍ፣ የተገኘውም ነገር በአማርኛ ይነገራቸው። ሁለቱንም ማሟላት ይቻላል፤ መሟላትም አለበት።

ምላሽ 31 የመምህሩ ነው። ናሙናው የተቀቀለና የደረቀ ብልቃጥ ውስጥ ይግባ። በበረዶ ተይዞ በዚያው ቀን ቤተ ሙከራ ይድረስ። አብሮት ወረቀት ይኑር። የሐበሻ ላም ናት ወይስ የፈረንጅ? በቅርብ መርፌ ተወግታለች? ዕቃው ቅል ነው ወይስ እንስራ? በምን ታጠነ? ስንት ሰዓት ረጋ? እሳቸው የሚያስተምሩበት ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች አሲድ አርክሰው ሊፈትኑ ዝግጁ እንደሆኑ ጽፈዋል።

እስካሁን ፈቃደኛ ያገኘነው ከምሥራቅ ጎጃም ብቻ ነው። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከአዊ በኩል ቅል ያላችሁ እዚሁ ጻፉልን። በወይራ ፋንታ በሌላ እንጨት የምታጥኑ ካላችሁ ደግሞ የእንጨቱን ስም አትርሱ።